የተገረዘው ልጅ ደሙ አልቆም ሲል
ሄሞፊሊያ፣ የእናት ወገን የዘር ሐረግና የዘረ መል ምርመራ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ወንድ ልጅ የሚገረዝበት ቀን በሙስሊም ቤት የደስታ ቀን ነው። ዘመድ ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓእ ይደረጋል። አብዛኛው ልጅም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁስሉ ደርቆ ይድናል። አልፎ አልፎ ግን አንድ ልጅ ከተገረዘ በኋላ ደሙ ቆመ ሲባል እንደገና ይጀምራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ያድራል፤ በማግስቱም አያቋርጥም። አንዱ ገራዡን ይወቅሳል፣ ሌላው ዓይን ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ጣቱን ወደ እናትየዋ ይቀስራል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ወንድ ልጅ ሲወለድ ያው ነገር ይደገማል።

የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ዓይነቱ ደም ነው። በሽታው ሄሞፊሊያ ይባላል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከ6 ሺህ በላይ ብርቅዬ በሽታዎች አንዱ ነው። ከእነዚህ በሽታዎች አብዛኞቹ በዘር የሚመጡ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የሚጀምሩት በልጅነት ነው። ይህን ርዕስ ስንመርጥ በተለይ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የምትኖሩ ቤተሰቦችን አስበን ነው። ከበሽሎ ሸለቆ አፋፍ ወይም ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ትልቅ ሆስፒታል ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ደም ለሚፈሰው ልጅ ደግሞ ሰዓቱ አይጠብቅም። ስለዚህ መታወቅ ያለበት ነገር ምላጩ ከመነሣቱ በፊት መታወቅ አለበት። የዛሬው መልእክታችንም ይኸው ነው።

ደም እንዴት ይረጋል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሰውነታችን ውስጥ ደም በደም ሥር እየፈሰሰ እንዲኖር፣ ደም ሥሩ ሲቀደድ ደግሞ ራሱን እንዲገድብ አድርጎ ፈጥሮታል። ይህ ሥራ በሁለት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ተሰብስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ቀጥሎ ደግሞ በደም ውስጥ የሚገኙ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ተራ በተራ እየተቀሰቀሱ እንደ መረብ ያለ ክር ይሠሩና ድፍኑን ያጠነክሩታል። እነዚህን ፕሮቲኖች ሐኪሞች ፋክተር ብለው በቁጥር ይጠሯቸዋል።

ነገሩን በካብ እንመስለው። ድንጋዩ ፕሌትሌት ነው፤ ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ጭቃ ደግሞ ፋክተር ነው። ጭቃ የሌለው ካብ ለጊዜው ውሃ ይገድባል፤ ቆይቶ ግን ይናዳል። ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅም እንዲሁ ነው። ደሙ መጀመሪያ የቆመ ይመስላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ድፍኑ ይላላና እንደገና መፍሰስ ይጀምራል። ሰዎች ደሙ ከሌላው ሰው ፈጥኖ የሚፈስ ይመስላቸዋል። የሚፈሰው ፈጥኖ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ሳይቆም ነው።

ፋክተር 8 የጎደለበት ሄሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 የጎደለበት ደግሞ ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ሄሞፊሊያ ኤ ከሚወለዱ 5000 ያህል ወንዶች በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ሄሞፊሊያ ቢ ከዚህም ያነሰ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የደቡብ ጎንደር ዞን ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ግማሹ ወንድ ነው ብለን ብናሰላ፣ በዚያን ጊዜ ቁጥር እንኳ በዞኑ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ ወንዶች ይህ በሽታ ሊኖርባቸው ይችላል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች የት ናቸው? በአፍሪካ አብዛኞቹ የሄሞፊሊያ ሕሙማን ሳይመረመሩ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም የበሽታቸው ስም ሳይታወቅ በልጅነታቸው ያልፋሉ።

የበሽታው ክብደት የሚለካው በቀረው የፋክተር መጠን ነው። ከጤነኛው መጠን ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ከባድ ይባላል፤ ከ1 እስከ 5 በመቶ ከሆነ መካከለኛ፣ ከ5 እስከ 40 በመቶ ከሆነ ደግሞ ቀላል ነው። ከባዱ ያለበት ልጅ መዳህ ሲጀምር ሰውነቱ ይበልዛል፤ ያለ ግልጽ አደጋ ጉልበቱ፣ ክርኑ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። እብጠቱ በመገጣጠሚያው ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። በጊዜ ካልታከመ መገጣጠሚያውን እየበላ ልጁን አንካሳ ያደርገዋል። ቀላሉ ያለበት ሰው ግን ጥርሱን እስኪነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና እስኪደረግለት ድረስ ምንም ላያውቅ ይችላል።

በእናት በኩል የሚሄድ የዘር ሐረግ

የሰው አካል የሚሠራበት መመሪያ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ዘረ መል ይባላል። ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላት አሉት። በውስጡ ያሉት ምዕራፎች ደግሞ ጂን ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም ወደ 20 ሺህ ይጠጋል። ፋክተር 8ን የሚያሠራ አንድ ጂን አለ፤ ፋክተር 9ን የሚያሠራም እንዲሁ። ሁለቱም የሚገኙት ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ነው።

ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱን ከአባቷ፣ አንዱን ከእናቷ ትወርሳለች። ወንድ ግን አንድ ኤክስ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም ያገኘው ከእናቱ ነው። ከአባቱ የወረሰው ዋይ የተባለውን ነው። እንግዲህ ከሴቲቱ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ስህተት ቢኖርበት ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ይሸፍንላታል። እሷም ተሸካሚ ትባላለች። ወንዱ ግን መጠባበቂያ የለውም፤ የወረሰው ቅጂ ስህተት ካለበት በሽታው ይወጣበታል።

ከዚህ የሚከተለው ስሌት በየቤቱ መታወቅ የሚገባው ነው። ተሸካሚ እናት ወንድ ልጅ በወለደች ቁጥር ልጁ በሽታው የሚኖርበት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ሴት በወለደች ቁጥርም ልጅቱ ተሸካሚ የምትሆንበት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ሕመሙ ያለበት አባት ደግሞ፣ እናቲቱ ተሸካሚ ካልሆነች፣ ወንዶች ልጆቹ ሁሉ ጤነኞች ናቸው፤ ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚዎች ይሆናሉ። በመሆኑም በሽታው በአንድ ትውልድ ጠፍቶ በልጅ ልጅ ላይ ብቅ ሊል ይችላል።

በሽታው ከቤተሰብ ዓይን የሚሰወረውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ስማችንን የምንቆጥረው በአባት፣ በአያት፣ በቅድመ አያት ነው። ልጁ በታመመ ጊዜም የአባቱን ወገን ጠይቀን፣ በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም ብለን እንዘጋዋለን። ይህ በሽታ ግን የሚሄደው በእናት በኩል ነው። መጠየቅ ያለበት ስለ እናቱ ወንድሞች፣ ስለ እናቱ እናት ወንድሞችና ስለ አክስቶቹ ወንዶች ልጆች ነው። በግርዛት ደም የሞተ አጎት ነበረ? ጉልበቱ እያበጠ ያነክስ የነበረ፣ ጥርስ ሲነቀል ሊሞት የደረሰ የአክስት ልጅ አለ? ይህ ጥያቄ የመጀመሪያው የዘር ምርመራ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አያቶች በሕይወት ሳሉ ግን መጠየቅ ይኖርበታል።

ሆኖም ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ገደማ በቤተሰቡ ውስጥ ከዚህ በፊት የታየ ምንም ነገር አይኖርም። ስህተቱ በልጁ ወይም በእናቱ ላይ አዲስ የተፈጠረ ይሆናል። ስለዚህ በዘራችን የለም ማለት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በሌላ በኩል አንዳንዶች እንደሚሉት ይህ በሽታ ከዘመድ ጋብቻ የሚመጣ አይደለም። ባዕድ ያገባችም ተሸካሚ ከሆነች ለልጇ ልታስተላልፍ ትችላለች።

የአንደሉሱ ሐኪም የጻፈው

ይህን በሽታ ከጥንት ጀምሮ ካስተዋሉት መካከል የሙስሊሙ ዓለም ታላቅ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ይገኛል። በአንደሉስ የኖረና እ.ኤ.አ. በ1013 ገደማ ያረፈ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ነው። አት-ተስሪፍ በተሰኘው ሰፊ የሕክምና ኪታቡ ውስጥ ስለ አንድ መንደር ሰዎች ጽፏል። የዚያ መንደር ወንዶች ሲቆስሉ ደማቸው አልቆም ብሎ ይሞቱ ነበር፤ ሕፃናት ወንዶችም ድዳቸው ሲታሽ ደምተው ያልፉ ነበር። ይህ ከሺህ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። በዘመናዊው ሕክምና ደግሞ ጆን ኮንራድ ኦቶ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1803 በሽታው ወንዶችን እንደሚያጠቃና በጤነኛ ሴቶች በኩል እንደሚተላለፍ ገለጸ።

አዝ-ዘህራዊ ያየው በሽታ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ መሣሪያ በዘመኑ አልነበረም። ይህ ዕውቀት የተገኘው በእኛ ዘመን ነው። የፋክተር 9 ጂን እ.ኤ.አ. በ1982፣ የፋክተር 8 ጂን ደግሞ በ1984 ተለይተው ታወቁ።

ምርመራው ደረጃ በደረጃ

አንድ ልጅ ደሙ አልቆም ሲል ሐኪሙ ወዲያው ወደ ዘረ መል ምርመራ አይሄድም። በቅድሚያ የደም ቆጠራ ይደረጋል፤ ፕሌትሌቱ ስንት እንደሆነ ይታያል። በሄሞፊሊያ ፕሌትሌቱ አይጎድልም። ቀጥሎ ደሙ በመስታወት ውስጥ ለመርጋት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በሁለት ዓይነት መንገድ ይለካል። በሄሞፊሊያ አንደኛው ልኬት ትክክለኛ ይሆናል፤ ሌላው ግን ይረዝማል። ከዚያም የፋክተር 8 እና የፋክተር 9 መጠን ይለካል። የልጁ በሽታ ስሙና ክብደቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የምትኖሩ ቤተሰቦች በአካባቢያችሁ ከሚገኘው ጤና ተቋም ጀምሩ። ምርመራው እዚያ የማይሠራ ከሆነ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ሪፈር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። የጤና መድህን አባል የሆናችሁ በሪፈር ሥርዓቱ መሄዳችሁ ወጪውን ያቀልላችኋል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሄሞፊሊያ ሕሙማን የሚታዩበት የሕክምና ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽንም ፋክተሩን መግዛት ለማይችሉ ሀገሮች መድኃኒቱን በእርዳታ ይልካል። ወደ ማዕከሉ መድረስ ግን የሚቻለው በሽታው ሲታወቅ ነው። ስሙ ያልታወቀ ሕመምተኛ በማንም መዝገብ ላይ አይገኝም፤ መድኃኒትም አይደርሰውም።

የዘረ መል ምርመራ ምን ይጨምራል?

አንዳንድ አድማጮች፣ የልጁ በሽታ በፋክተር ልኬት ከታወቀ የዘረ መል ምርመራ ለምን ያስፈልጋል ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዋናው ጥቅሙ ለእናቲቱ፣ ለእህቶቹና ለአክስቶቹ ነው። የተሸካሚ ሴት የፋክተር መጠን ብዙ ጊዜ ከጤነኛ ሴት አይለይም። ስለዚህ በደም ልኬት ብቻ ተሸካሚ አይደለሽም ማለት አይቻልም። ይህን አረጋግጦ የሚናገረው የዘረ መል ምርመራ ነው።

ለምርመራው የሚወሰደው ጥቂት ደም ነው። ከደሙ ዘረ መሉ ተጣርቶ ይወጣል፤ የተፈለገው ጂን በብዙ እጥፍ ይባዛል፤ ከዚያም ፊደሉ አንድ በአንድ ይነበባል። በእጅ የተገለበጠ ኪታብ እናስብ። ገልባጩ አንድ ፊደል ቢሳሳት የቃሉ ትርጉም ሊበላሽ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ፊደሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ፣ ጠራዡ አንዱን ክፍል ገልብጦ ይሰፋዋል። ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው ሰዎች ውስጥ 45 በመቶ በሚሆኑት ላይ የሚገኘው እንዲህ ያለ መገልበጥ ነው፤ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በመሆኑም ላቦራቶሪው በከባዱ ሄሞፊሊያ ኤ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ካላገኘው የጂኑን ሌሎች ክፍሎች ያነባል።

በቅድሚያ የሚመረመረው የታመመው ልጅ ነው። የእሱ ስህተት የት ቦታ እንዳለ ከታወቀ፣ በእናቱና በእህቶቹ ላይ ያንኑ አንድ ቦታ መፈለግ ቀላል ይሆናል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ልጁ ከሞተ ግን ይህ መነሻ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ልጁ በሕይወት ሳለ የተገኘውን ውጤት ቤተሰቡ በጽሑፍ ይዞ ማስቀመጥ አለበት።

የምርመራውን ኃይል የሚያሳይ አንድ ታሪክ እናንሣ። የመጨረሻው የሩሲያ ንጉሥ ልጅ አሌክሲ እ.ኤ.አ. በ1904 ተወልዶ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደም አልቆም የሚለው ልጅ ነበር። በሽታው ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በሴት ልጆቿ በኩል የወረደ ነው። አሌክሲ በ1918 ከቤተሰቡ ጋር ተገደለ። በ2009 ሳይንቲስቶች ከቤተሰቡ አጥንት ዘረ መል አውጥተው ሲመረምሩ በሽታው ሄሞፊሊያ ቢ እንደነበረ አረጋገጡ። የቤተ መንግሥት ሐኪሞች ያልቻሉትን ከሞቱ 91 ዓመት በኋላ የዘረ መል ምርመራ ተናገረ። በንጉሥ ቤት የገባ በሽታ በገበሬም በነጋዴም ቤት ይገባል፤ ሀብትም ሥልጣንም አይከለክሉትም።

ተሸካሚ መሆኗን ያወቀች እናት ምን ትጠቀማለች? ስትወልድ ሆስፒታል ትወልዳለች፤ አዋላጆቹም የሕፃኑን ጭንቅላት ሊያደማ ከሚችል መሣሪያ ይቆጠባሉ። ወንድ ከሆነ ከእትብቱ ደም ተወስዶ ፋክተሩ ይለካል። የፋክተር 8 ጉድለት ገና በተወለደ ጊዜ ሊታወቅ ይችላል። ፋክተር 9 ግን በጤነኛ ሕፃን ላይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ዝቅ ስለሚል ምርመራው ቆይቶ ሊደገም ይችላል። እንዲህ ሲሆን የልጁ ነገር ከግርዛቱ በፊት ታወቀ ማለት ነው። አንዳንድ ተሸካሚ ሴቶች ራሳቸውም የወር አበባ ይበዛባቸዋል፣ በወሊድ ጊዜም ብዙ ደም ይፈስሳቸዋል። እነሱም ሕክምና ይገባቸዋል።

ምርመራው ወሰን አለው። በሀገራችን የዘረ መል ምርመራ ገና በየሆስፒታሉ የሚገኝ አገልግሎት አይደለም። ናሙናው ወደ ውጭ ሀገር የሚላክበት ጊዜ አለ፤ ወጪውም ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ተመርምሮም ስህተቱ የማይገኝበት፣ ወይም የተገኘው ለውጥ በሽታ ያመጣል አያመጣም ለማለት የሚያስቸግርበት ሁኔታ አለ። ሆኖም የዘረ መል ምርመራ ማግኘት ያልቻለ ቤተሰብ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የዘር ሐረጉን መጠየቅና የደሙን መርጋት ማስለካት ብቻውን የልጅን ሕይወት ያተርፋል።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ግርዛት የኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ፈለግና የኢስላም ምልክት ነው። ስለዚህ አንድ አባት፣ ሐኪሙ ቆይ ቢለኝ ሱንናውን መተዌ አይደለምን ብሎ ይጨነቅ ይሆናል። የዲናችን ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ አንሥተውታል። ኢማም አን-ነወዊ (ረሒመሁላህ) አል-መጅሙዕ በተባለው ኪታባቸው ቢገረዝ ጉዳት ይደርስበታል ተብሎ የሚፈራለት ደካማ ልጅ ደኅንነቱ እስኪታመን ድረስ ሊገረዝ እንደማይገባ ጽፈዋል። ኢብን ቁዳማም (ረሒመሁላህ) አል-ሙግኒ በተሰኘው ኪታባቸው በግርዛት ምክንያት ለነፍሱ የሚፈራ ሰው ግዴታው ከእሱ ላይ እንደሚነሣ ገልጸዋል። ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ፋክተሩ በተዘጋጀበት፣ ልምድ ባለው ሐኪም እጅ፣ በሆስፒታል ሊገረዝ ይችላል። ይህ እስኪመቻች መቆየት ሱንናን መናቅ አይደለም፤ ነፍስን መጠበቅ ነው።

አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲሥ የተነገረውን ታሪክ እናስታውስ። አንድ ሰው በጉዞ ላይ ሳለ ድንጋይ ራሱን ፈነከተው። ከዚያም ትጥበት ግዴታ ሆነበትና ባልደረቦቹን ተየሙም ይፈቀድልኝ ይሆን ብሎ ጠየቀ። እነሱም ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ እጅግ አዘኑ፤ እንደ ገደሉት ቆጠሩባቸው፤ የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነም አስተማሩ። የቆሰለን ሰው ሳይጠይቁ በዒባዳ ስም ማስጨነቅ ይህን ያህል ከባድ ነው። አጎቱ በደም የሞተ ልጅ ሳይጠየቅና ሳይመረመር ቢገረዝስ?

የእናት ክብር

በዚህ በሽታ ከልጁ ቀጥሎ የምትጎዳው እናት ናት። በአንቺ ዘር መጣ ተብላ የምትወቀስ፣ አልፎ ተርፎም የምትፈታ ሴት ልትኖር ትችላለች። እኛ የምንለው ግን ይህ ከፍትሕ የራቀ ነው። የወረሰችውን አልመረጠችም፤ ያስተላለፈችውንም አላወቀችም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ረገድ ያስተማሩን ትልቅ ትምህርት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አንድ የገጠር ሰው መጥቶ ሚስቴ ጥቁር ልጅ ወለደች አለ፤ በልቡ ጥርጣሬ ገብቶ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ግመሎቹ ጠየቁት። ቀያዮች መሆናቸውን ነገራቸው። ከመካከላቸው ዳማ የሆነ አለን ሲሉት አለ ብሎ መለሰ። ያ ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁት ምናልባት የጥንት ዘሩ ስቦት ይሆናል አለ። እሳቸውም የልጁ ነገር እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል ነገሩት። በዚህም በወላጆች ላይ የማይታይ ነገር ከሩቅ ዘር ወርዶ በልጅ ላይ ሊታይ እንደሚችል አስገነዘቡት፤ የሴቲቱንም ክብር ከጥርጣሬ ጠበቁ።

የዘር በሽታ የሚለው ስም ራሱ በሀገራችን ብዙ ሰው ጎድቷል። በጎጃም ደጋዎችና በሌሎች አካባቢዎች የሚገኘው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ያለባቸው ቤተሰቦች ለጋብቻ ሲገፉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ዘር ሰውን ለበሽታው ሊያጋልጠው እንደሚችል አሳየ። በሽታውን የሚያስነሣው ግን በባዶ እግር የሚረገጠው አፈር ነው። ጫማ ያደረገና እግሩን አዘውትሮ የታጠበ ይጠበቃል። ስለዚህ በዘር መጣ ማለት ተፈረደበት ማለት አይደለም። የሄሞፊሊያ ተሸካሚ የሆነች እህትም ታገባለች፣ ትወልዳለች። የምትለየው አስቀድማ በመዘጋጀቷ ብቻ ነው። የምርመራዋ ውጤት ደግሞ አማና ነው፤ በቡና ላይ የሚወራ አይደለም። እርግዝናን የሚመለከት ጥያቄ ሲነሣ ሐኪምንም ዐሊምንም አብሮ መጠየቅ ይገባል።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ወንድ ልጅ ከመገረዙ በፊት አባትና እናት ተቀምጠው በእናት ወገን ስላሉ ወንዶች ይጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ግርዛቱ ይቆይና ልጁ ይመርመር። ገራዦችም ምላጭ ከማንሣታቸው በፊት ይህን ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ ይኑራቸው።

ሁለተኛ፣ የተገረዘ ልጅ ደሙ ከቆመ በኋላ እንደገና ከጀመረ በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። አመድ ወይም የቡና ዱቄት መነስነስ ቁስሉን ያመረቅዛል እንጂ የጎደለውን ፋክተር አይተካም።

ሦስተኛ፣ ሄሞፊሊያ ያለበት ወይም የሚጠረጠርበት ልጅ እንጥሉ አይቆረጥ፤ ያበጠ ጉልበቱም በምላጭ አይበጣ። ዋግምት ወይም ሒጃማ ለጤነኛ ሰው የተፈቀደ ሕክምና ቢሆንም ለዚህ ልጅ አደገኛ ነው። ጥርስም ከሐኪም ጋር ሳይመከር አይነቀል።

አራተኛ፣ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች የደም መፍሰስን ያባብሳሉ። በጡንቻ የሚወጋ መርፌም ውስጥ ለውስጥ ሊያደማው ስለሚችል፣ ወላጆች ለጤና ባለሙያው ሁልጊዜ አስቀድመው ይንገሩ። ክትባት ግን አይቅር። በቀጭን መርፌ ተሰጥቶ ቦታው ለደቂቃዎች ተጭኖ ይያዝለት።

አምስተኛ፣ መገጣጠሚያው ሲያብጥ ልጁን ማሳረፍ፣ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር መያዝና ፈጥኖ ሕክምና መፈለግ ይገባል። የመንደራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የመድረሳው ኡስታዝ የልጁን ሁኔታ ይወቁ። ልጁ መማር ይችላል፤ ሐፊዝም ዐሊምም ሊሆን ይችላል። ከዱላና ከትግል ግን ይጠበቅ።

ውድ አድማጮቻችን! ዱዓእ ማድረግና ቁርኣን መቅራት የአማኝ ስንቅ ነው፤ ከሕክምና ግን አያግድም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና እንድንፈልግ አስተምረውናል፤ አላህ (ሱ.ወ.) በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ ነግረውናል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ብርቅዬ በሽታዎች የመጀመሪያውን የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። ከዚያ ውሳኔ እስከ ስማዳ ድረስ መንገዱ ሩቅ ሊሆን ይችላል። አያትን ቁጭ አድርጎ፣ እማማ፣ በግርዛት ደም የሞተ ወንድም ነበረዎት ብሎ መጠየቅ ግን ዛሬ ማታ የሚቻል ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለታመሙት ሽፋእ ይስጣቸው፤ ለእናቶቻቸውም ሶብሩን ያድላቸው። አሚን!

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።